ሥራው እንደ ወትሮው ቀጥሏል

ይህን ነገር እስከ ትናንት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ጾም በገባ ቁጥር ሄጄ ምላሴን፣ ቁጣዬን፣ ስስቴን ዘርዝሬ እመለሳለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ። ካህኑ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ስንት ጊዜ ዋሸሁ? በዚያች በአንዲቱ ኃጢአት ላይ ስንት ሌላ ደረብኩባት? እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

አሁን ቀትር ነው። ድሬ በሯን ዘግታ ተኝታለች፤ ያልተኛውም ምርቃናው ላይ ነው። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ከላዬ ያለው ቬንትሌተር ሙቁን አየር ያማስላል እንጂ አያበርድም። አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ስትለዝብ፣ ሰዎች ይመጣሉ። አንድ ወረቀት ያቀርቡልኛል፤ እንድፈርም ይጠበቃል። ወረቀቱን አውቀዋለሁ፤ መሰሉን አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ። በዚያ ወረቀት ሰበብ አንድ ሰው ቀኝ እጁን አጥቷል። ወረቀቱ አይደለም ያሳጣው። እኔ ነኝ።

የምሠራው በረዶ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እንደ ድሬ ባለ ከተማ በረዶ ቅንጦት አይደለም፤ ለስላሳ የሚሸጠውም፣ ሥጋ ቤቱም፣ የግመል ወተት ይዛ የምትመጣዋም፣ ሠርግ የደገሰውም በጠዋት ደጃችን ላይ ይሰለፋል። ፋብሪካውን ያቋቋሙት ሐጂ ኢብራሂም ናቸው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲሞት ሐጂ ጠርተው ቀጠሩኝ፤ ከጸሐፊነት አንስተው ሥራ አስኪያጅ እስከመሆን አደረሱኝ። ልጄ ነበር የሚሉኝ። ሲታመሙና ልጆቻቸው ሥራውን አንፈልግም ሲሉ ግን መሸጥ ግድ ሆነባቸው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ መጣ።

ድርጅት እንደ በግ አይሸጥም፤ ተጎትቶ አይሄድም። ውል ተፈርሞ ርክክቡ እስኪፈጸም ድረስ ወራት ያልፋሉ፤ የግብሩ፣ የፈቃዱ፣ የባንኩ ጣጣ አለ። ገዢው በእነዚያ ወራት የገዛው ነገር እንዳይበላሽበት ይፈራል። ስለዚህ ሻጩ ቃል ይገባል፦ ሥራውን እንደ ወትሮው አካሂዳለሁ፤ ሠራተኛ አላሰናብትም፤ ከተለመደው ውጪ ግዢም ሆነ ጥገና ቢያስፈልግ አስቀድሜ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ጉዳት ቢደርስ ወዲያው አሳውቃለሁ። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ደግ ቃል ነው። ብሎን የተፈታ ቀን አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ያበቃ ነበር፤ ያ ወረቀት ሰው አይጎዳም ነበር። ይህን የምለው ወደፊት በወረቀቱ እንዳላሳብብ ነው፤ ራሴን ስለማውቀው።

በረዶ መፍጫችን መከለያ ነበራት፤ የበረዶው ግንድ ሲገባ የሰው እጅ እንዳይከተለው የምታግድ ብረት። ውሉ ከተፈረመ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መከለያዋ ተሰነጠቀች፤ ቀጥሎም ወለቀች። ማሽኗን የሚያንቀሳቅሳት ሙሜ የሚባል የሐርላ መንደር ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ፤ እኩያዬ ነው፤ ሁለታችንም በአንድ ሰሞን ነው የተቀጠርነው። ቀትር ላይ የመጀመሪያዋን ንጹሕ ስባሪ በረዶ በውሃ መጠጫ ጆጌ ውስጥ አድርጎ ቢሮዬ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ማንም አላዘዘውም።

መጥቶ ነገረኝ። በሩ ላይ ቆሞ እጁን በሱሪው እየጠረገ «እህቴ፣ መከለያው ወልቋል። ይቺ ማሽን አንድ ቀን ትበላኛለች ወላሂ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ከአዲስ አበባ እያስፈለግሁ ነው፤ ዕቃው ጠፋ አሉ። እስከ ርክክቡ በጥንቃቄ ያዛት» አልኩት።

ሳቀ። «እንግዲህ ቢስሚላህ ብዬ እገባለሁ አቦ» ብሎ ሄደ።

አላስፈለግሁም። አንድም ሰው ጋ አልደወልኩም። ለምን? የገዢው መሐንዲስ መጥቶ ሲያይ ማሽኖቹ ሁሉ ደህና ናቸው ብዬ ፈርሜ ሰጥቼው ነበር፤ እሱም «ሥራ አስኪያጅ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አመስግኖኛል። ገዢውም በዚያው ቀን፣ ሁሉ ነገር በሰላም ካለቀ ቦታሽ ያንቺ ነው፣ ደመወዝሽም ይሻሻላል ብሎኛል። አሁን ጥገና ይፈቀድልኝ ብዬ ብጽፍ ምን ይሉኛል? ደህና ነው ያልሽው ይህ ነው ወይ? አይሉኝም? ይህቺን ታህል ፈራሁ። ለዓመታት ለሐጂ ብዬ ነው፣ ሽያጩ ቢፈርስ በሕመማቸው ላይ ምን ይሆናሉ ብዬ ነው፣ ለሠራተኛው እንጀራ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብለው ኖርኩ። ሐጂ ለምነውኝ ነበር? ሠራተኛው ለምኖኝ ነበር? ቦታዬን ነው የፈራሁት። ቦታዬን!

ሙሜ እንደገና መጣ። እንደገና መለስኩት። ሦስተኛም ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ስልክ ላይ ነበርኩ፣ በእጄ ቆይ አልኩት፤ ቆሞ ቆሞ ሄደ።

ቀኑ የሠርግ ቀን ነበር። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትልቅ ሠርግ ተደግሶ የተፈጨ በረዶ በብዛት ታዝዟል። ሌሎቹ ለምሳና ለእረፍት ወጥተው ሙሜ ቀርቶ ይፈጭ ነበር። እኔም ቢሮ ነበርኩ። የማሽኗን ድምፅ ከለመድኩት ብዛት አልሰማውም ነበር፤ የሰማሁት ሲለወጥ ነው። ሮጬ ስደርስ ማብሪያውን በግራ እጁ አጥፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አልጮኸም። ነጠላዬን አውልቄ ጠቀለልኩለት። በረዶው ምን እንደሚመስል አልጽፍም።

የመጀመሪያ ቃሌ ምን መሰላችሁ? «ወይኔ ወንድሜ» አላልኩም። ድምፁን ሰምቶ ለመጣው ለበረኛው «ማሽኗን ቶሎ እጠባት» ነው ያልኩት። ያቺ ቃል ናት ማንነቴን የነገረችኝ። ባጃጅ አስቁመን ወደ ሆስፒታል ስንበር፣ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ እንደጣለ፣ በጆሮው «ሙሜ፣ ባጃጅ ገልብጦኝ ነው በላቸው፤ ርክክቡ እስኪያልቅ ብቻ፤ ከዚያ እኔ አለሁልህ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

ከንፈሩ ነጥቶ፣ ዓይኑን መግለጥ እያቃተው፣ እሺ አለኝ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ቢገፈትረኝ? ያቺን እሺታ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ሐኪሙም ባጃጅ ብሎ ጻፈ። የተረፈችው አውራ ጣቱ ብቻ ናት።

አስር ሰዓት ላይ ማሽኗ እንደገና ተነሣች፤ ሠርጉ በረዶውን አገኘ። በማግስቱ አንድ በያጅ ጠራሁ። ከአሮጌ ላሜራ ቆርጦ፣ ለክቶ፣ በይዶ መከለያ ሠራልኝ፤ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ለዚህች የማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ማንም ምን ገዛሽ አላለኝም። ድሬ ውስጥ የማይበየድ ነገር የለም፤ ይህን የከተማው ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቅ ነበር። ለማስፈቀድ የፈራሁት ነገር ማስፈቀድ የማያስፈልገው ነገር ነበር። በያጁ ሲጨርስ «እንዴት ነው? ጠንክሯል አይደል?» አለኝ። ጠንክሯል አልኩት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ሽማግሌ ላክሁ።

በእኛ ከተማ በሽማግሌ ያለቀ ነገር አይነሣም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም፣ ሁሉም እዚህ ላይ አንድ ነው፤ ዱዓ የተደረገበትን ነገር መልሶ የሚቀሰቅስ ሰው የሽማግሌዎቹን ፊት በጥፊ እንደመታ ይቆጠራል። እኔ እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሙሜ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ የሰፈራቸውን ሼህና የአባቴን የባቡር ጓደኛ ይዤ አልጋው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን ምን አልኳቸው? ማሽን ላይ አደጋ ደረሰ፣ ዕቃው ከአገር ጠፍቶ ነው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ወንድሜ ነው፣ እንዳያዝንብኝ አስታርቁኝ አልኳቸው። አነባሁም። እንባዬ የውሸት አልነበረም፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ሼሁ «ሙሜ፣ ለአላህ ብለህ ተወው» አሉት። ሙሜ የታሸገ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ለአላህ ትቻለሁ» አለ። ዱዓ ተደረገ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አሜን አልኩ። ሰዎቹ ያስታረቁ መሰላቸው፤ እኔ ግን አፉን ነው ያዘጋሁት። በሕግ ብይዘው ያመልጠኝ ነበር፤ በራሱ ክብር ያዝኩት፣ ከዚያ ደግሞ ማን ያመልጣል? ሠራተኛውም አለቀ፣ ታረቁ ሲባል አፉን ዘጋ።

በዚያው ሰሞን ሐጂ በስልክ «ልጄ፣ ሥራው እንዴት ነው?» አሉኝ።

«እንደ ወትሮው ነው ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺ እያለሽ ምን እሰጋለሁ» አሉኝ።

የርክክቡ ቀን ጠበቃው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከውሉ ቀን ጀምሮ ሥራው እንደ ወትሮው ቀጥሏል፣ ከተለመደው ውጪ የሆነ ጉዳትም ሆነ ክርክር አልደረሰም። ሐጂ ብዕሩን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደክሟል። «እንዲህ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አንቺ ካልሽ» ብለው ፈረሙ። ከስማቸው ሥር እኔ ፈረምኩ። ሐጂ በዓመቱ ሞቱ፤ በሕይወታቸው ሙሉ ቃላቸውን አጥፈው የማያውቁ ሰው፣ እኔን አምነው በውሸት ላይ ስማቸውን አኑረው ተቀበሩ። ከዚያ ወዲያ ለመናገር ባሰብኩ ቁጥር መቃብራቸው ይመጣብኛል፤ እውነቱን ባወጣ ሐጂ ኢብራሂም ዋሹ ይባላል። ባላወጣ ሙሜ። ወዴት ልዙር?

ሙሜን በረኛ አደረግሁት፤ የፊተኛው በረኛ ለቆ ስለነበር። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ባጃጅ የጣለውን ሰው አልጣለችውም እያለ ገዢው አሞገሰኝ። ይኸውና ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ ሙሜ በሩን በግራ እጁ ይከፍትልኛል፤ «እንዴት አደርሽ እህቴ» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተወጋው የረሳ ይመስላል፤ ወጊዋን እኔን ግን በዚያ በር በገባሁ ቁጥር ይወጋኛል። ሥራ መልቀቅ አስቤ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ብሄድ እሱን ማን በረኛ አድርጎ ያቆየዋል? ስለዚህ እቀራለሁ። እሱም በእኔ ምክንያት ይቀራል። በሩ ለሁለታችንም የተዘጋ ነው።

አሁን ፋብሪካው እንደገና እየተሸጠ ነው። አዲሱ ገዢ የራሱን ጥበቃ ያመጣል፤ በረኛ አያስፈልገውም። ሙሜ ይሰናበታል። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የሚገባው አያገኝም፤ ባጃጅ ነውና የጎዳው። አንድ እጅ ይዞ፣ ያለ ምንም፣ በራሱ ቃል ታስሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ዛሬ ሥራው እንደ ወትሮው ነው፣ ከዚህ ቀደምም ያልተነገረ ጉዳት የለም ብዬ እፈርማለሁ።

ትናንት ሳቢያን ሰፈር፣ ሙሜ ቤት ድረስ ሄድኩ። ምሳ እየበሉ ደረስኩ። ሚስቱ ፋጡማ እያጎረሰችው ነበር። ለካ በግራ እጁ መብላት እምቢ ብሏል፤ በግራ መብላት ነውራቸው ነው፣ ግድ ለሆነበት ይፈቀዳል ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እቤቱ ገብቼ አላውቅማ! ፋጡማ ጉርሻውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና አጎረሰችው።

ልናገር ነው አልኩት። ደነገጠ። «ምኑን ነው የምትናገሪው? ሽማግሌ ፊት ለአላህ ትቻለሁ ብያለሁ። ለአላህ የሰጠሁትን መልሼ ልቀማ? የሐጂንስ ስም በመቃብራቸው? አይሆንም አቦ፣ ተይው።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ዕቃው አልጠፋም ነበር አልኩት። አላስፈለግሁም። ለገዢው መጻፍ ስለፈራሁ ነው። በማግስቱ በያጅ ጠርቼ አሠራሁት።

ያቺን አውራ ጣቱን እያየ «ለወረቀቱ ብለሽ ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«እኔ እኮ ዕቃው የጠፋ መስሎኝ ነው» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስወጣ ፋጡማ እስከ በሩ ተከተለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እሱ ይቅር ብሎሻል፤ ያ የሱ ነው» አለችኝ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ሌት እጁን አሞት ሲነሣ የምነሣው እኔ ነኝ። እኔን የጠየቀኝ ሽማግሌ አለ?»

የለም። ሽማግሌዎቹን ይዤ የሄድኩ ቀን ፋጡማ አልጋው ሥር ተቀምጣ ነበር። ውሃ ይዛ። አለፍኳት። ታስሬበታለሁ ያልኩት ቋጠሮ በእሷ በኩል ታስሮ አያውቅም ነበር፤ ማንም አላሰራትም፣ ማንም አልጠየቃትም። የሙሜም ይቅርታ ቢሆን በውሸት የወሰድኩት ነው። ታዲያ ዝም ያሰኘኝ የማን ዱዓ ነው? የማን መቃብር ነው? የራሴ ፍርሃት ነው።

አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ውጪ ባጃጆቹ መንጫጫት ጀምረዋል። ሽያጩ ይፈርስ ይሆናል፤ ሠራተኛው ይረግመኛል፤ የሐጂ ልጆች ደጄን አይረግጡም፤ ምናልባት እከሰሳለሁ። እፈራለሁ። ሐጂ የፈረሙት እኔ አዎ ስላልኳቸው ነው፤ እሳቸው አልዋሹም፤ ይህም ይጻፍ። እነሱ በሚያመጡት ወረቀት ላይ ስሜን አላኖርም፤ ይህን የጻፍኩትን ነው ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጠው፣ ስሜንም ከዚህ ሥር ነው የምጽፈው። ከሙሜ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አንዴ ሰርቄዋለሁና። ከፋጡማም ዛሬ አልጠይቅም፤ ከማጉረስ የማያሳርፋት ይቅርታ ምን ያደርግላታል? ከእናንተም አልጠይቅም። በሩ ተከፈተ፤ የብረቱን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በግራ እጅ ሲከፈት ይጎተታል።

መከለያው መውለቁን ነግሮኝ ነበር። ሥራህን ሥራ አልኩት።